መገንጠያው በምን ይታዘዝ?
በሞዴል ባቡር መስመር ላይ የሐዲድ መቆጣጠሪያ ዘዴ ስለ መምረጥ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንደሚባለው፣ ትልቁን ነገር በትንሽ አምሳያ ላይ መርምሮ መረዳት የመሐንዲስነት ሙያ የቆየ ልማድ ነው። ግድብ ከመሠራቱ በፊት የውሃው አካሄድ በትንሽ ቦይ ይፈተናል፤ ሕንፃም ከመቆሙ በፊት በካርቶን ተቀርጾ ይታያል። የሞዴል ባቡር መስመርም፣ ብዙ ሰው የሕፃናት መጫወቻ አድርጎ ቢመለከተው እንኳ፣ ከዚሁ ወገን የሚቆጠር ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1946 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) የተቋቋመው የተማሪዎች የሞዴል ባቡር ክበብ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። የክበቡ አባላት ከስልክ መሥሪያ ቤት በተገኙ ሪሌዮች ከጠረጴዛው በታች አስደናቂ የመቆጣጠሪያ መረብ ዘርግተው ነበር። ባቡሩ የትኛውን ሐዲድ ይዞ ይሂድ የሚለውን ጥያቄ በሽቦና በሪሌይ ሲመልሱ የኖሩት እነዚያው ወጣቶች፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተቋሙ ኮምፒዩተር ሲያገኝ ፕሮግራም በመጻፍ ቀዳሚ ከሆኑት መካከል ተገኝተዋል።

የዚህ ንግግር ርእስ ከዚያ መረብ አንዷ ትንሽ ዘለላ ናት፤ ይኸውም የሐዲድ መገንጠያን ለማንቀሳቀስ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች መካከል የትኛው እንደሚመረጥና በምን መመዘኛ እንደሚመረጥ ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ መሐንዲስ በማናቸውም መሣሪያ ላይ «ትእዛዙ ከማን ይነሣል? መፈጸሙ በምን ይታወቃል? ሲሰናከልስ ምን ይሆናል?» እያለ የሚያነሣው ጥያቄ በሙሉ በዚህች ትንሽ ሐዲድ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል።

የመገንጠያው አሠራር

የሐዲድ መገንጠያ ባቡር ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚሻገርበት የሐዲድ ክፍል ሲሆን፣ ሦስት ዋና ዋና አካላት አሉት። አንደኛው ጫፋቸው የሾለው ሁለቱ ተንቀሳቃሽ ሐዲዶች ናቸው፤ በዚህ ንግግር «ምላስ» ተብለዋል። ሁለተኛው ሁለቱን ምላሶች አያይዞ በአንድነት የሚገፋቸውና የሚስባቸው አግዳሚ ዘንግ ነው። ሦስተኛው የሁለቱ መስመሮች ሐዲዶች የሚቋረጡበት ሥፍራ ነው። ይህን ሥፍራ አሜሪካውያን «እንቁራሪት» ሲሉት፣ ፈረንሳዮችና ጀርመኖች «ልብ» ይሉታል። የኋለኛው ስያሜ ለአማርኛም የሚስማማ ስለ ሆነ እዚህ ተወስዷል።

በስፋት በሚታወቀው የ1 ለ87 መጠን የሞዴሉ ሐዲድ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር የነበረውን የቀድሞውን የምድር ባቡር በዚሁ መጠን ለመቅረጽ የሚሻ ሰው ደግሞ በ12 ሚሊሜትር ሐዲድ ይሠራል። በሁለቱም ዘንድ ምላሱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚጓዘው ርቀት ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። ከዚህም ርቀት ጥቂቱ ከጎደለ፣ ምላሱ ከዋናው ሐዲድ ጋር ሳይገጥም ስለሚቀር፣ የመንኰራኵሩ ጠርዝ በክፍተቱ ገብቶ ባቡሩን ከሐዲድ ያወጣዋል።

በዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ይጨመራል። ሁለቱ ሐዲዶች ለሞተሩ ኃይል የሚያቀብሉ ሁለት ተቃራኒ ዋልታዎች በመሆናቸው፣ በብረት የተሠራው ልብ መገንጠያው በዞረ ቍጥር ዋልታውን መለወጥ ይኖርበታል። ልቡ በፕላስቲክ ቢሠራ ይህ ችግር ይቀራል፤ ነገር ግን ትንንሽ ባቡሮች በላዩ ሲያልፉ ኃይል አጥተው ይቆማሉ። ስለዚህ መገንጠያን ማዘዝ ሲባል ሥራው ሁለት ነው፤ ምላሱን ማንቀሳቀስና የልቡን ዋልታ መለወጥ። አንዱ ተፈጽሞ ሌላው ከቀረ፣ መስመሩ ለዓይን ደኅና መስሎ እየታየ ባቡሩ ይቆማል።

የእጅ ዘዴ

ከዘዴዎች ሁሉ ቀዳሚውና ቀላሉ የሰው እጅ ነው። ከሐዲዱ አጠገብ የሚተከል ትንሽ እጀታ፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ የሚሳብ ዘንግ፣ ወይም በቱቦ ውስጥ የሚሄድ ሽቦ ምላሱን ያንቀሳቅሳል። ዘንጉ የሚገፋው ተራ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ከሆነ፣ ያው እንቅስቃሴ ምላሱንም የልቡንም ዋልታ በአንድ ጊዜ ይለውጣል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ብልጫ ርካሽነቱ አይደለም። የሚያዘው ሰው የሚያዘውን ነገር በዓይኑ ማየቱና በጣቱ መዳሰሱ ነው። ጠጠር ምላሱን ቢይዘው፣ እጁ ወዲያው ይነግረዋል። ባቡሩን ተከትሎ እየተራመደ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ወርዶ መገንጠያውን የሚያዞር የባቡር ሠራተኛ በእውነተኛው መስመር የሚፈጽመውን ተግባር እንዲፈጽም ያደርገዋል።

ጉድለቱም ከዚያው ከብልጫው ይመነጫል፤ ሁሉ ነገር በሰው ትዝታ ላይ ያርፋል። በእውነተኛው ሐዲድ ላይ የዚህ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና ግዛት በግራኒትቪል ከተማ ታይቷል። በ2005 ጥር 5 ቀን ማታ ሥራቸውን የጨረሱ የባቡር ሠራተኞች በእጅ የሚዞረውን መገንጠያ ወደ ፋብሪካው ቅርንጫፍ እንደ ዞረ ትተውት ሄዱ። ሥፍራው የመስመር ምልክት መብራት ያልተተከለበት ስለ ነበር፣ በማግሥቱ ከንጋት በፊት የመጣው የጭነት ባቡር ሹፌር አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ነገር አልነበረም። ባቡሩ ወደ ቅርንጫፉ ገብቶ ከቆመው ባቡር ጋር ተጋጨ፤ ክሎሪን የጫነ አንድ ፉርጎም ተቀደደና 9 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የባቡር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በእጅ ስለሚዞሩ መገንጠያዎች አጠባበቅ አስቸኳይ ትእዛዝ አወጣ። እጀታው አልተሰበረም፤ ምላሱም አልተጣመመም። የጐደለው መገንጠያው ወዴት ዞሮ እንደ ተተወ ለሚቀጥለው ሰው የሚነግር ነገር ነበር።

የኮይል ዘዴ

ሁለተኛው ዘዴ ሁለት ኮይሎች ያሉት ሶሌኖይድ ነው። አንዱ ኮይል ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የብረቱን ዘንግ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ሲያገኝ ወደ ግራ ይስበዋል። ሥራው ከቅጽበት አያልፍም፤ ድምፁም የቀለሃ ያህል ነው። ለዚያች ቅጽበት ግን ብዙ አምፔር ይጠይቃል። ቁልፉ ተጣብቆ ቢቀር ወይም ሰው ጣቱን ሳያነሣ ቢቆይ፣ ለቅጽበት ብቻ የተሠራው ኮይል ግሎ ይቃጠላል።

መድኃኒቱ ካፓሲተር ነው። ለምሳሌ 4700 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር በ24 ቮልት ቢሞላ፣ 1.35 ጁል ገደማ ጉልበት ያጠራቅማል። ቁልፉ ሲነካ ይህ ጉልበት ባንድ ጊዜ ወደ ኮይሉ ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ ጣቱ ቢቆይ እንኳ፣ በመሙያው መንገድ የተቀመጠው መገደቢያ የሚያሳልፈው ፍሰት ትንሽ ስለሚሆን ኮይሉ አይጎዳም።

የኮይል ዘዴ ሌላው ብልጫ በአንድ ቁልፍ ሙሉ ጎዳና መምረጥ ማስቻሉ ነው። 5 መስመሮች ያሉት የባቡር ማቆሚያ 4 መገንጠያዎች በተራ የተደረደሩበት ነው። እያንዳንዱ መገንጠያ ለብቻው ቢታዘዝ 8 ቁልፎች ያስፈልጋሉ፤ አዛዡም ለአንድ ባቡር እስከ አራት ጊዜ መጫን ይኖርበታል። በዳዮድ መረብ ከተሠራ ግን 5 ቁልፎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው መስመር 1 መገንጠያ፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 3፣ አራተኛውና አምስተኛው እያንዳንዳቸው 4 መገንጠያዎችን ስለሚያዝዙ፣ የሚያስፈልጉት ዳዮዶች በድምሩ 14 ናቸው። ሆኖም ሊዘነጋ የማይገባው፣ አምስተኛው ቁልፍ ሲነካ የአንዱ ካፓሲተር ጉልበት ለአራት ኮይሎች መከፋፈሉ ነው። ለአንድ ኮይል የበቃው ለአራቱ ላይበቃ ይችላል። ሦስቱ ዞረው አራተኛው መንገድ ላይ ቢቀር፣ የቀረውን የሚያመለክት ምንም ነገር የለም።

የዝግታ ሞተርና ሰርቮ

ሦስተኛው ወገን በዝግታ የሚዞረው ሞተር ነው። በጣም ከታወቁት መካከል ሰርኪውትሮን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ «ቶርተስ» ማለትም ኤሊ ብሎ የሰየመው ይገኛል። ስሙ እንደሚያመለክተው ምላሱን ከወገን ወደ ወገን ለማድረስ 3 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። ከደረሰ በኋላም ሞተሩ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥበት ይቆማል፤ ምላሱንም ገፍቶ ይይዛል። እንዲህ ቆሞ ሲይዝ በ12 ቮልት የሚወስደው 16 ሚሊአምፔር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያሉ 12 ሞተሮች በአንድነት የሚፈልጉት ከ0.2 አምፔር አያልፍም። በውስጡ ሁለት የኤሌክትሪክ መቀየሪያዎች ስላሉት፣ አንዱ የልቡን ዋልታ፣ ሌላው የምልክት መብራትን ለመለወጥ ያገለግላል።

ሰርቮ ሞተር ደግሞ ዋጋው ዝቅተኛ፣ አካሉም ትንሽ ነው። በየ20 ሚሊሴኮንዱ በሚላክለት ከ1 እስከ 2 ሚሊሴኮንድ በሚረዝም ምት የሚቆምበትን ማእዘን ያውቃል፤ የጉዞው መነሻና መድረሻም በፕሮግራም ሊወሰን ይችላል። ይሁን እንጂ የልቡን ዋልታ የሚለውጥ መቀየሪያ ለብቻው ሊጨመርለት ይገባል። ኃይል በተከፈተ ጊዜም አዛዡ ሳያዝዝ ሊደነብር ስለሚችል፣ ይህን የሚከላከል ሰርኪዩት ያስፈልገዋል።

የዲጂታል ትእዛዝ

በ1990ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር የጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ በሠራው ሥርዓት ላይ ተመሥርቶ የዲጂታል ትእዛዝ ደረጃ ካወጣ ወዲህ፣ በሁለት ሽቦዎች ብቻ ባቡሮችንና መገንጠያዎችን በየቍጥራቸው እየጠሩ ማዘዝ ተችሏል። እያንዳንዱ መገንጠያ ቍጥሩን የሚያውቅ ዲኮደር አለው። የሽቦው ብዛት ይቀንሳል፤ ኮምፒዩተርም ሙሉ ጎዳናዎችን አዘጋጅቶ ሊያዝዝ ይችላል።

ነገር ግን እዚህ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። ዲኮደሩ ኃይሉንና ትእዛዙን ከሐዲዱ እንዲያገኝ ከተደረገ፣ አንድ ባቡር በተቃራኒ ወገን በዞረ መገንጠያ ላይ ከልቡ በኩል ሲገባ መንኰራኵሮቹ ሁለቱን ዋልታዎች ያገናኙና ሾርት ይፈጠራል። የኃይል ምንጩም ራሱን ለመከላከል ይዘጋል። መገንጠያው ቢዞር ሾርቱ ይወገድ ነበር፤ መገንጠያውን የሚያዞረው ኃይል ግን በዚያው ሾርት ምክንያት ጠፍቷል። ስለዚህ አዛዡ ባቡሩን በእጁ ከመግፋት በቀር ምርጫ የለውም። መፍትሔው የመገንጠያዎችን ኃይል ከሐዲዱ ለይቶ በሌላ መስመር ማቅረብ ነው። ችግርን የሚያስወግደው መሣሪያ በዚያው ችግር የሚሰናከል ከሆነ፣ መፍትሔ ተብሎ ሊቆጠር አይችልም። ይህ ደንብ ከሞዴሉ ጠረጴዛ አልፎ ለውሃ ፓምፕም፣ ለሆስፒታል ጄኔሬተርም፣ ለእሳት ማጥፊያም የሚሠራ ነው።

የታዘዘና የተፈጸመ

የእውነተኛው ምድር ባቡር ታሪክ የሚያስተምረው ከሁሉ የላቀ ትምህርት፣ መታዘዝና መፈጸም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። በእንግሊዝ አገር ጆን ሳክስቢ በ1856 መገንጠያውና የምልክቱ ክንድ አብረው እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርግ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚያ የተነሣው ‹ኢንተርሎኪንግ› የተባለው የማቆላለፍ ዘዴ በ1889 በወጣው ሕግ በአገሪቱ የመንገደኛ መስመሮች ላይ ግዴታ ሆነ። የዘዴው አሳብ አጭር ነው፤ መገንጠያው በትክክል ዞሮ ሳይቆለፍ «እለፍ» የሚለው ምልክት ከቶ እንዳይታይ ማድረግ ነው።

ሽቦም ቢሆን የሚታመነው ሲመረመር ብቻ ነው። በ1988 ታኅሣሥ 12 ቀን በለንደን በክላፓም መገናኛ 35 ሰዎች የሞቱበት አደጋ ከመገንጠያ ሳይሆን ከምልክት የመጣ ነበር። በአዲስ የሽቦ ሥራ ጊዜ ያልተወገደ አንድ አሮጌ ሽቦ ከቀድሞ ቦታው ጋር ተነካክቶ፣ ቀይ መሆን የነበረበት ምልክት ቀይ እንዳይሆን አደረገ። ሥራውን ያከናወነው ቴክኒሻን በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ሥራውንም ሌላ ሰው ሽቦ በሽቦ ቈጥሮ አልመረመረውም።

የብረቱም ነገር እንዲሁ ነው። በ2002 ግንቦት 10 ቀን ከለንደን በስተሰሜን በፖተርስ ባር፣ ምላሶቹን የሚያያይዙት ዘንጎች ብሎኖቻቸው በመላላታቸው ተሰናክለው፣ መገንጠያው ባቡሩ በላዩ ሲያልፍ ተንቀሳቀሰ፤ 7 ሰዎችም ሞቱ። አምስት ዓመት ሳይሞላ በ2007 የካቲት በግሬይሪግ በዚያው ዓይነት ዘንግ መበላሸት ሌላ ባቡር ከሐዲድ ወጣ፤ አንዲት መንገደኛም ሞተች። ከአደጋው ጥቂት ቀናት በፊት ሊደረግ የታቀደው ምርመራ ሳይደረግ ታልፎ ነበር። በሁለቱም ሥፍራ በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ አደጋውን አስቀድሞ የሚናገር ምልክት አልነበረም።

አንድ ምሳሌ

እስካሁን የተባለው በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለማየት፣ 12 መገንጠያዎች ያሉትን መካከለኛ የሞዴል መስመር ማሰብ ይበቃል። ከጠረጴዛው ጠርዝ አጠገብ 4 መገንጠያዎች ያሉት የጭነት ግቢ አለ፤ መሐል ላይ 2 መገንጠያዎች ያሉት የመተላለፊያ ጣቢያ አለ፤ እጅ በማይደርስበት ሩቅ ሥፍራ 2 መገንጠያዎች ያሉት የዋና መስመር መገናኛ አለ፤ ከኮረብታው ሥር ደግሞ ከዓይን የተሰወሩ 4 መገንጠያዎች አሉ።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሁሉንም በአንድ ዓይነት መሣሪያ መሥራት ነው። ይህ ለግዥ ይመቻል፤ ለአገልግሎት ግን ሁልጊዜ አይመችም። በጭነቱ ግቢ ሠራተኛው በአጠገቡ ቆሞ ፉርጎ ስለሚለይ፣ እጁና ዓይኑ ከማናቸውም ሞተር የተሻሉ ናቸው፤ እዚያ የእጅ ዘዴ ይበቃል። በጣቢያውና በሩቁ መገናኛ ባቡሮች በሙሉ ፍጥነት የሚያልፉበትና ምልክት የሚያስፈልግበት በመሆኑ፣ ምላሱን ገፍቶ የሚይዘውና መቀየሪያ ያለው የዝግታ ሞተር ይመረጣል። ለ4ቱ መገንጠያዎች የሚያስፈልገው 64 ሚሊአምፔር ያህል ብቻ ነው። ከኮረብታው ሥር ላሉት ኮይልና የ14 ዳዮዶች መረብ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ካፓሲተሩ ለአራቱም ኮይሎች መብቃቱ ኮረብታው ከመከደኑ በፊት በተደጋጋሚ መፈተን አለበት።

በዚህ በተሰወረው ሥፍራ የመጨረሻዋ ትንሽ ውሳኔ ከሁሉ ትበልጣለች። በሰሌዳው ላይ የሚበራው መብራት ኤሌክትሪኩን ከየት ይውሰድ? ከቁልፉ ከተሳበ ሽቦው አጭር፣ ሥራውም ቀላል ይሆናል፤ መብራቱ ግን የሚናገረው አዛዡ የፈለገውን ብቻ ነው። ምላሶቹን ከሚያያይዘው ዘንግ ጋር ከተገጠመ መቀየሪያ ከተሳበ ግን መብራቱ የሆነውን ይናገራል። አራተኛው ምላስ መንገድ ላይ ቢቀር መብራቱ አይበራም፤ አዛዡም ባቡሩን ሳይለቅ ይቆማል። የሽቦው ልዩነት ጥቂት ሜትር ነው።

ስለዚህ ዘዴውን ከመምረጥ በፊት ለእያንዳንዱ መገንጠያ በወረቀት ላይ ሦስት መልሶች ሊጻፉ ይገባል። የሚያዘው ሰው የት ቆሞ ያዝዛል? መፈጸሙን በምን ያያል? ቢሰናከል ያለ ሌላ መሣሪያ እርዳታ በእጅ ሊደረስበት ይችላልን? ሦስቱ ከተመለሱ በኋላ የመሣሪያው ምርጫ ራሱ ይገለጣል። ካልተመለሱ ደግሞ እጅግ ውድ የሆነው ዲኮደር እንኳ ስሕተትን በፍጥነት ከማድረስ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

በሞዴሉ ላይ የሚጠፋው ቢበዛ አንድ የተቃጠለ ኮይልና ከሐዲድ የወጣች አንዲት ፉርጎ ናት፤ በጣት ተነሥታ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። በግራኒትቪል፣ በክላፓምና በፖተርስ ባር የጠፋው ግን የሚመለስ አልነበረም። ወጣቱ መሐንዲስ መብራቱን ከቁልፉ ሳይሆን ከዘንጉ መሳብን ሕይወት በማይጠፋበት ጠረጴዛ ላይ ከለመደ፣ ነገ በእውነተኛው ሐዲድ፣ በግድቡ በር ወይም በሆስፒታሉ ኦክስጅን መስመር ላይ ፊርማውን ሲያኖር እጁ ያንኑ ልማድ ይከተላል።